ዳቦ የገመጠችው ሙሽራ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ብለው የያዙኝ። ጎንደር ልጄ ቤት የሰነበትኩበት ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሦስቱም የልጅ ልጆቼ ከበቡኝና ትልቋ ስልኳን አፌ ሥር ደቀነችው። መምህራቸው የአገር ተረት ከትልልቅ ሰው ቀድታችሁ ኑ ብሏቸዋል።

«እቴቴ፣ ዳቦ የገመጠችውን ሙሽራ ንገሪን» አለችኝ።

«እሷን ከየት ሰማሻት?»

«መምህራችን ነገረን። ዳቦው ከሆዷ ውስጥ አሜን ይላል። የደምቢያ ተረት ነው አለን፤ አንቺ ደሞ ደምቢያ ነው የኖርሽው።»

ትንሹ ሆዱን ነፍቶ፣ ድምፁን አወፍሮ «አሜን» አለ። ሦስቱም በሳቅ ወደቁ።

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ልጆቼን በአርጩሜ ነክቼ አላውቅም፤ ዶሮ እንኳ እሽ የምለው በልመና ነው እያሉ ይስቁብኛል። ያን ቀን ግን ስልኩን ከአፌ ሥር ገፋሁት። «ይህን ተረት የሚያነሣ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም» አልኳቸው። ልጆቹ ደነገጡ። ትልቋ ቀስ ብላ «ምነው እቴቴ፣ ተረት እኮ ነው» አለች።

ተረት አይደለም። ሙሽራይቱ እኔ ነኝ። ዳቦውንም አልገመጥኩም።

በአፌ ብነግራቸው ይህንንም ተረት አድርገው ይስቁበታል ብዬ ነው ልጽፈው የተቀመጥኩት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ፣ ጥጥ እየፈተልኩ፣ ከደብተራቸው ላይ በዓይኔ ነው። ስለዚህ ፊደሌ ይንጋደዳል። ነገሩ ግን አይንጋደድም።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ወደ ደምቢያ ሜዳ የተዳርኩት በግንቦት ነው፤ የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበር። እናቴ ጠጉሬን ሠርታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ በቅሎዋ ላይ ስታስቀምጠኝ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ቃል አስቀመጠችልኝ። «መኸሩ ይግባና መጥቼ አይሻለሁ።» መንገዱ የአንድ ቀን ተኩል ነው፤ ቁልቁለቱ የሚያዞር። እኔ ያንን ቃል እንደ ክታብ ይዤ ወረድኩ።

አማቴ ባገሩ የታወቁ ተረት ነጋሪ ነበሩ። እመይቴ እላቸው ነበር። ዛሬም ስጽፋቸው በአንቱታ ነው፤ ንዴቴ ሌላውን ሁሉ ሲወስድ አንቱታውን ትቶልኛል። እሳቸው ዘንድ ተረት ያለ ምግቡ አይነገርም። የጅቡን ተረት የሚያመጡት ቆሎ በተቆላ ምሽት ነው፤ ጅቡ አጥንት ሲቆረጥም እኛም ቆሎውን እንድንቆረጥም። የጦጣዋን የሚነግሩን የሽምብራ እሸት ሲደርስ፣ እየፈለፈልን ነው። የእንጀራ እናቷን ተረት ለጾም ያቆዩታል፤ ተልባ አቅርበው «ጉሮሮ የሚያንቅ ነገር በተልባ ይወርዳል» ይላሉ። እንግዲህ ያችን የእንጀራ እናት ያለ ተልባ የሰማ ሰው ሰማሁ አይበል።

ሲጨርሱ፣ ተረት ነጋሪ ሁሉ እንደሚለው፣ አፌን በዳቦ አብሱ ይላሉ። ሌላው ቤት ይህ ቃል ብቻ ነው፤ ተብሎ ይታለፋል። እሳቸው ቤት ግን እውነት ነበር። ዳቦ ባይኖር ቂጣ፣ ቂጣ ባይኖር ቁራሽ እንጀራ፣ ከአድማጩ ሁሉ በቤቱ አዲስ የሆነው ይነሣና አፋቸውን ያብሳል። እሳቸውም የታበሱበትን ይበሉታል። «ያልታበሰ ተረት ተመልሶ ነጋሪው ላይ ይቀመጣል» ይሉ ነበር። የቤቱ አዲስ እኔ ነኝና የማብሰው እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ እወዳቸው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ደጋው ይረሳኛል። የእናቴም ናፍቆት ይረሳኛል። ከተበደልኩት ሁሉ የሚቆጨኝ አንዱ ይህ ነው፤ በማላውቀው ሰው ብበደል ኖሮ ይኼኔ ረስቼው ነበር።

መኸሩ ገባ። ጤፉ ተወቃ፣ ሽምብራው ተነቀለ። ጥርም ገባ። እኔ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ አጥሩ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ቆዳ ነጋዴ ነው፤ አንድ ቀን ጥጃው የጠፋበት ሰው ነው። አማቴ ስሮጥ ያዩኛል፣ ስመለስ ያዩኛል።

ያ ዳቦ የተጋገረው ለአስተርእዮ ማርያም ማኅበር ነው። ተራው የቤታችን ነበር። ስንዴውን ሁለት ቀን ለቅመናል። ሊጡ አድሮ ኩፍ ብሎ፣ ጥቁር አዝሙድ ገብቶበት፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎበት የወጣ ድፎ ነው፤ ስፋቱ እኔ በሁለት እጄ የማላቅፈው። ሌማት ላይ ተቀምጦ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቄሱን ይጠብቃል። ቄሱ ሳይባርኩት ቢላዋ አይነካውም። ይህን ሕግ ደጋም ቆላም ያለ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ጠዋት ውሃ ላኩኝ። ቀድቼ ተመለስኩ። ገና እንስራውን ከጀርባዬ ሳላወርድ «ድገሚ» አሉኝ።

«ጋኑ ሞልቷል እኮ እመይቴ።»

«እንግዳ ብዙ ነው። ሂጂ። ቀስ ብለሽ ተመለሽ፣ እንስራ እንዳትሰብሪ።»

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ የባሌ ታናሽ እህት። ቁመታችን አንድ ነበር፤ ሁልጊዜ ውሃ የምንወርደው አብረን ነው። ያን ጊዜ ግን ሽንኩርት ትላጥ ብለው አስቀሯት። ብቻዬን ወረድኩ። እንዳሉኝም ቀስ ብዬ ተመለስኩ።

ስደርስ ማኅበርተኞቹ ተሰብስበዋል፣ ቄሱ ገብተዋል፣ ጨርቁ ከዳቦው ላይ ተነሥቷል። ከድፎው ጠርዝ የጨቅላ ራስ የሚያክል ጎድሏል። ፍርፋሪው ከጓዳው ደጃፍ ጀምሮ እስከ አጥሩ መውጫ ድረስ ተንጠባጥቦ ውሻው እየተከተለ ይልሳል። ሁሉም ሰው ዳቦውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

አማቴ አልጮኹም። ለስለስ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ምነው ልጄ፣ ቄሱ እስኪመጡ እንኳ ሆድሽ አልታገሠሽም?»

«እኔ አይደለሁም እመይቴ። ውሃ ነበርኩ።»

«ከመውረድሽ በፊት ነዋ» አለች አንዷ ማኅበርተኛ።

«ምን ታድርግ፣ ገብስ የለመደ አፍ ስንዴ ሲሸተው» አለች ሌላዋ። «ደጋ ላይ ዳቦ የሚያዩት በሕልም ነው አሉ።»

«እዩት ፍርፋሪውን። እየሮጠች ነው የበላችው።»

እኔ ጓዳ ደጃፍ የቆመችውን የባሌን እህት አየሁ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት። የባሌ አባት የቄሱ እግር ላይ ውደቂ አሉኝ። ወደቅሁ። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው «ልጅ ናት፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ።

ያልሠራሁትን ይቅር አሉኝ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። የሚገረፍ ሰው አልሠራሁም ብሎ ይጮኻል፤ ይቅር የተባለ ሰው ምን ብሎ ይጮኻል? ዛሬ ስንት ዘመኔ፣ ያ እጅ ከራሴ ላይ አልተነሣም።

ምሽት ላይ፣ ቄሱ ከሄዱ ወዲያ፣ ጠላው ደርቶ ሰዉ ሲሞቀው ተረት ይምጣ ተባለ። አማቴ እምቢ አሉ፤ ደክሞኛል አሉ። ግድ አሏቸው። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ጀመሩ።

ሆዷ ከእሷ የሚቀድም አንዲት ሙሽራ ነበረች አሉ። ለማኅበር የተጋገረውን ዳቦ ቄሱ ሳይባርኩት ገመጠችው። ገምጣ ሳትጨርስ ቄሱ ደረሱባትና ሳታኝክ ዋጠችው። ቁራሹም ሆዷ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ይል ጀመር። ቄሱ ሌማቱ ላይ ያለውን ዳቦ እያማተቡ ሲባርኩ፣ ቁራሹ ዘመዱ ሲባረክ ሰማና ከሙሽራይቱ ሆድ ውስጥ በወፍራም ድምፅ «አሜን» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገብስ የለመደ አፍ ያለችኝ ሴት እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። የማይስቁት የባሌ አባት እንኳ ሳቁ። ባሌ፣ እሱም ያኔ ልጅ ነው፣ ሳቀ። አማቴ አልሳቁም። እንደ ልማዳቸው «አፌን አብሱ» ብለው አፋቸውን አዘጋጁ።

የማብሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያው ከድፎው ቁራሽ ሰጡኝ። ተነሥቼ፣ በእኔ ላይ የተነገረውን ተረት ከአፋቸው ላይ በገዛ እጄ አበስኩላቸው። ቁራሹን ተቀብለው አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ሌላ ጊዜ እያጣጣሙ ይበሉት ነበር፤ ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሩና ብዙ ቆዩ። አኝከው ሲውጡ አላየሁም። እኔ እንግዲህ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ተረቱ እሳቸው ላይ እንዳይቀመጥ አበስኩት፣ መጥቶ እኔ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ውሃ ስወርድ እረኞቹ «አሜን» አሉኝ። በሳምንቱ የጎረቤት መንደር ልጆች አሜን አሉኝ። ኮላ ድባ ገበያ ቅቤ ይዤ ስቀመጥ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው አሜን ይባባላሉ። ካረገዝኩ በኋላ ደግሞ ባሰ፤ ሆዴ በገፋ ቁጥር «ኩፍ አለ፣ ኩፍ አለ» ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሁሉ አሜን ሲል እኔ አፌን እዘጋ ነበር። ካህኑ አምላክን ሲለምኑ ሕዝቡ እኔን የሰደበኝ ይመስለኛል። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ አሜን ብላ ያልሰደበችኝ አንዲት የባሌ እህት ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ሲሉኝ ትታው ትሄዳለች።

እናቴስ? እናቴ አልመጣችም። ጥር ወጣ፣ የካቲት ወጣ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ሰው እንኳ «ልጄ ሌባ አይደለችም» የሚልልኝ ያስፈልገኝ ነበር፤ ያንን ሊል የሚችለው ሰው ቃሏን በልታ ደጋዋ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ነበር የማስበው። ዳቦ በላች ይሉኛል፣ ቃል የበላችው እሷ እያልኩ ብቻዬን እንጨት ስር አጉረመርም ነበር። በነሐሴ መርዶዋ መጣ። ወንዙ ሞልቷል ብለው አላስሄዱኝም። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲያለቅሱልኝ እንባዬ እምቢ አለኝ፤ ተቆጥቼባት ነበር። «የእናቷ መርዶ ሲነገራት እንኳ ያላለቀሰች» ተባልኩ። ይህም በተረቱ ላይ ተጨመረ።

ከዚያ ወዲህ የዳቦ ጠርዝ አፌ ውስጥ አልዞረም። መሀሉን እበላለሁ፣ ጠርዙን ለልጅ እሰጣለሁ። ልጆቼ ጥርሷን ያማታል ብለው ያስባሉ። ጥርሴ ደህና ነው።

አማቴ ባረጁ ጊዜ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበራቸውም፤ ልጃቸው መንኩሳ ሄዳለች። አጥቤአቸዋለሁ፣ አዝዬ ፀሐይ አውጥቼአቸዋለሁ። ሊሞቱ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ያዙና «አፌን አብሽልኝ» አሉኝ።

ዳቦ ነበር። ሌማቱ ላይ ነበር፣ ከእሳቸው ዓይን ፊት። እኔ ጥጥ በውሃ ነክሬ አበስኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ አይደለም» አሉ። «እንዲህ ነው እመይቴ» አልኳቸውና ጥጡን አስቀመጥኩ። ደግ ነሽ የሚሉኝ ሰዎች ይህን አያውቁም። ልጆች፣ እናንተም እወቁት። አልተጸጸትኩም።

እሳቸውም ባሌም ካለፉ በኋላ እግሬ ተፈታ። ልጆቼ ተበታትነዋል፤ አንዱ ኮላ ድባ፣ አንዷ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደባርቅ መንገድ። ዟሪ ናት ይሉኛል። ከአንዱ ቤት ሁለት ወር፣ ከሌላው ሦስት ወር፣ እንዝርቴን በቦርሳ ይዤ። ግን የትም ብሄድ ያቺ ሙሽራ ቀድማኝ ትደርሳለች። ማኪና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች እናት ለልጇ ስትነግራት ሰማሁ። ጎንደር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት መውሊድ ተጠርቼ ስሄድ ዳቦው የመውሊድ ዳቦ ሆኖ፣ ሼኩ ዱዓ ሲያደርጉ ከሆዷ «አሚን» እያለ ጠበቀኝ። ወለቃ ከመንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ድስት ስመርጥ ለልጇ ታወራላታለች፤ ሙሽራይቱ በመጨረሻ እንደ ክፉ ሸክላ ፈንድታ ሞተች አለች።

«አልሞተችም» አልኳት።

«እንዴት አወቅሽ እናቴ?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች። «ሸጋ ነሽ፣ ሆድሽም አላበጠ» አለች። «ድስቱን ውሰጂው፣ ስላሣቅሽኝ ቀንሼልሻለሁ።» ድስቱን ሳልወስድ ሄድኩ።

ምን እንዳንገበገበኝ ታውቃላችሁ? የውሸቱ መኖር አይደለም። ውሸቱ ጣፋጭ መሆኑ ነው። መራራ ቢሆን ኖሮ ሰው ይተፋው ነበር። አማቴ ተረት ያውቁ ነበርና እኔን በቆሎና በጠላ የሚወርድ አድርገው ሠሩኝ። አሁንማ መምህር ለልጆች ያስተምረኛል።

ነገሩን የሰማሁት ባለቀ ዕድሜዬ ነው። የባሌ እህት ድብ ባሕር ከሚኖሩ ዘመዶቿ ዘንድ መጥታለች ሲሉኝ ሄድኩ። እማሆይ ሆናለች፤ ቆቧ ከእሷ የሚከብድ ትንሽ አሮጊት። አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ዳቦ አቀረበችልኝ፤ እንደ ልማዴ ጠርዙን ለይቼ አስቀመጥኩ።

«ጥርስሽ ነው እታለም?»

«ጥርሴ አይደለም እማሆይ። ታውቂዋለሽ።»

መቁጠሪያዋን ይዛ አትቆጥርም።

«አሜን ብለሽ ያልሰደብሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አልኳት። «ምነው?»

«እናቴ አስምላኝ ነበር። የጠባሽው ጡት ይፍረድብሽ አለችኝ። ለነፍስ አባቴ ተናግሬ መሐላውን ፈቱልኝ፤ አንቺን ግን በምን ዓይኔ ልይሽ። አሁን ደግሞ ሁለቱም ሞተዋል።»

«ሁለቱ እነማን?»

«እናቴና እናትሽ።»

እኔ የእናቴ ነገር በዚህ ምን አገባው አልኳት። እማሆይ ወደ መንገዱ እያየች ነገረችኝ።

«እናትሽ መጥታ ነበር። ሁለተኛውን ውሃ የወረድሽ ጊዜ ነው። እናቴ ከሩቅ አይታት ነው የላከችሽ። ልጅሽ ካየችሽ ተከትላሽ ትሄዳለች፣ ቤቴን አታፍርሺብኝ ብላ ከአጥሩ ውጭ አቆመቻት። ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣች ሴት ባዶ እጇን ልትመልሳት አፈረች። ቤት ውስጥ ሌላ የደረሰ የሚሰጥ አልነበረም። ገብታ ከድፎው ጠርዝ ቆርሳ፣ በነጠላዋ ሸፍና አወጣችላት። በኋላ ቄሱ ሲመጡ፣ ቆርሼ ሰጠሁ እንዳትል ያልተባረከ ነው፤ ለማን ሰጠሽ ቢሏት አንቺ ትሰሚያለሽ። አንቺን መስጠት ቀለላት።»

«እናቴ ምን አለች?»

«የእኔ እናት ልጅሽ ደህና ናት፣ ማርያም ታሳድግልሽ አለቻት። እናትሽ ዳቦውን ሳመችው። አሜን አለችና ተመለሰች።»